ታይምሼር ሲሸጥ ማን ለማን ይከፍላል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እ.ኤ.አ. በ2023 መስከረም ላይ ከላስ ቬጋስ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ በጉለሌ የአንድ ሰፈር ሰው የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ሽበቴን እያዩ "አንተ ልጅ" ማለታቸውን አልተዉም። እንደ ወትሯችን ስለ አገር ጉዳይ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተከራከርን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"አንተ ልጅ፣ ያቺ የሜክሲኮዋ ቤት እኮ ገዢ መጣላት!" አሉኝ።

"ስንት ሰጡዎት ጋሼ?"

"ሠላሳ ስምንት ሺ! እኔ በአሥራ ስድስት ሺ የገዛኋት!"

"ከእርስዎስ ምን ጠየቁ?"

ትንሽ ዝም አሉ። "ለሜክሲኮ መንግሥት ታክስ ተብሎ ሁለት ሺ አራት መቶ ዶላር ልኬያለሁ። አሁን ደግሞ ለዝውውር ፈቃድ ሦስት ሺ ስድስት መቶ ጠየቁኝ። ነገ ባንክ ሄጄ እልክላቸዋለሁ።"

ክው አልኩ። "ጋሼ በሞቴ፣ ነገ ባንክ እንዳይሄዱ!" አልኳቸው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ስልክ ነው። እኛ በስደት ያለን ሰዎች በፖለቲካው በኩል ማንም አያታልለንም ባዮች ነን። አንቀጽ 39ን በቃሉ የሚወጣ፣ የትኛው ድርጅት በየትኛው ዓመት ከየትኛው እንደተሰነጠቀ ቀኑን ጠቅሶ የሚናገር ወገን፣ ፊርማውን ያኖረበትን የሠላሳ ገጽ ውል ግን አንድ ቀን ገልጦ አላየውም። ይህን ስል ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩና ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሸቀጡ ምንድን ነው?

ታይምሼር ማለት የአንድ መዝናኛ ቤት ባለቤትነት ወይም የመጠቀም መብት በየሳምንቱ ተሸንሽኖ ለብዙ ሰው የሚሸጥበት ውል ነው። አንዳንዱ እንደ ማንኛውም ቤት በካውንቲው መዝገብ ላይ የሚሰፍር የባለቤትነት ሰነድ፣ ፈረንጆቹ ዲድ የሚሉት አለው። ሌላው ለተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብት ብቻ ነው። ዛሬ ዛሬ ደግሞ በአመዛኙ የሚሸጠው በነጥብ ነው፤ ነጥብዎን ይዘው በኩባንያው ልዩ ልዩ ቤቶች ያርፉበታል። ሦስቱንም የሚያመሳስላቸው በየዓመቱ የሚመጣው የጥገና ክፍያ ነው። ቢሄዱም ባይሄዱም ይከፍላሉ፤ ጣሪያው በአውሎ ነፋስ ከተገነጠለ ደግሞ ልዩ መዋጮ ይጨመርብዎታል።

እኔና ባለቤቴ የገዛነው በ2006 ኦርላንዶ ውስጥ ነው። ልጆቹ ሚኪ ማውስን ካላየን ብለው ሲያስጨንቁን፣ ዘጠና ደቂቃ ገለጻ ካዳመጣችሁ የዲዝኒ ትኬት በነጻ እንሰጣችኋለን ተባልን። ዘጠና ደቂቃው አምስት ሰዓት ሆነ። ልጆቹ ተራቡ፣ ባለቤቴ ተቆጣች፣ እኔ ለመገላገል ፈረምኩ። ዋጋው 14,500 ዶላር፣ የዓመቱ ክፍያ 520 ዶላር ነበር። የፍሎሪዳ ሕግ አሥር ቀን የመሰረዣ ጊዜ ይሰጣል፤ ሜሪላንድም እንዲሁ አሥር፣ ቨርጂኒያና ካሊፎርኒያ ሰባት፣ ኔቫዳ አምስት ቀን። እኔ ይህን ያወቅሁት ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እርስዎ ትናንት ፈርመው ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ያቁሙና የመሰረዣውን ደብዳቤ ውሉ በሚያዝዘው መንገድ ዛሬውኑ ይላኩ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቀኑ ላለፈበት ሰው ነው።

መጀመሪያ ሊዋጥ የሚገባው መራራ ነገር ዋጋው ነው። አዲስ ታይምሼር ሲሸጥ ከምንከፍለው ውስጥ ብዙው የማስታወቂያ፣ የነጻ ትኬትና የሻጮቹ ኮሚሽን ነው። ያ ገንዘብ እኛ ስንሸጥ አይመለስም። በዚያ ላይ ከእኛ የሚገዛው ሰው ከኩባንያው በቀጥታ የገዛው የሚያገኛቸውን አንዳንድ ጥቅሞች ያጣል፤ ለምሳሌ ከጥር 2019 ወዲህ የሌሎች የዲዝኒ ቤቶችን ነጥብ ከግለሰብ የገዛ ሰው ሪቪዬራ የተባለውን ቤታቸውን አይጠቀምም። እንዲያም ሆኖ ከሁሉ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው የዲዝኒው ነው። ሌላው አብዛኛው በአሥር ሺዎች ተገዝቶ በጥቂት መቶዎች ወይም በአንድ ዶላር ሲለወጥ ይታያል። ትክክለኛውን ዋጋ ለማወቅ ሰዎች የሚጠይቁትን ሳይሆን የተሸጠበትን ይመልከቱ። ኢቤይ ላይ የተጠናቀቁ ሽያጮችን ማየት ይቻላል፤ ከ1993 ጀምሮ ያለው ታግ የተባለው የባለቤቶች ማኅበርም ጥሩ የመረጃ ምንጭ ነው። "የእርስዎ ቤት ከገዙበት በላይ ያወጣል" የሚል ስልክ ከመጣ ግን ደዋዩ ሌባ መሆኑን ለመጠርጠር ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ቅድሚያ ክፍያ የሚባለው ነገር

ሽያጭ ላይ የሚጠየቁ ክፍያዎች በሁለት ይከፈላሉ፤ ከሽያጭ በፊት የሚጠየቁና በሽያጭ ዕለት የሚቀነሱ። በኋለኞቹ ላይ እንደራደራለን። በፊተኞቹ ላይ ግን ድርድር የለም። በ2011 አንድ ድርጅት ደውሎ ገዢ በእጁ እንዳለ፣ ለማስታወቂያና ለወረቀት ሥራ 1,495 ዶላር ብቻ እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። እኔም ተደራዳሪ ነኝ ብዬ ወደ 795 አወረድኩት! ያን ቀን እራት ላይ ለባለቤቴ በኩራት ነው የነገርኳት። ገዢው አልመጣም፤ ስልኩም አልተነሣም። ደግሞ የከፈልኩት በቼክ ነበር። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያው ሒሳብ ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ተቃውሞ የማቅረብ የፌዴራል መብት ነበረኝ።

የሚያስቀው፣ የፍሎሪዳ ምክር ቤት የታይምሼር ዳግም ሽያጭ ተጠያቂነት ሕግን ያወጣው በቀጣዩ ዓመት በ2012 ነው። በዚያ ሕግ መሠረት ማስታወቂያ እናወጣልዎታለን የሚሉ ድርጅቶች ገዢ ሳይኖራቸው ገዢ አለን ማለት አይችሉም፤ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ሻጩም ከፈረመ በኋላ በሰባት ቀን ውስጥ ያለምንም ምክንያት መሰረዝ ይችላል። ከዚህም በላይ በፍሎሪዳ ፈቃድ ያለው የሪል ስቴት ደላላ ታይምሼር ለመሸጥ ሲቀበል ቅድሚያ ክፍያ መውሰድ ሕገ ወጥ ነው። ስለዚህ ደላላ ነኝ ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቅ ሰው ወይ ፈቃድ የለውም፣ ወይ ሕግ እየጣሰ ነው። ፈቃዱን በግዛቱ የንግድና ሙያ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማጣራት ይቻላል።

አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች በዚህ በኩል ከእኛ የተሻለ ጥበቃ አላችሁ። የአውሮፓ ኅብረት በ2008 ያወጣው መመሪያ ሽያጩ ሳይፈጸም ወይም የአሻሻጭነት ውሉ ሳይቋረጥ ከሻጩ ማንኛውንም ክፍያ መቀበልን ይከለክላል፤ ከአሻሻጩ ጋር የተፈረመውን ውል ለመሰረዝም 14 ቀን ይሰጣል። ብሪታንያም ይህንኑ በ2010 ደንቧ ውስጥ አስገብታለች። ቴነሪፍ ላይ ታይምሼር ገዝቶ ለንደን ወይም ስቶክሆልም ሆኖ ቅድሚያ ክፈል የተባለ ሰው "ይህ የተከለከለ ነው" ብሎ መመለስ ይበቃዋል።

ወደ ጋሼ ጉዳይ ልመለስ። የሜክሲኮው ነገር ከተራ አጭበርባሪነት ያለፈ ነው። የአሜሪካ ግምጃ ቤት በመጋቢት 2023 ጀምሮ በፖርቶ ቫያርታ አካባቢ በታይምሼር ማጭበርበር የተሠማሩ ኩባንያዎችን በተከታታይ ማዕቀብ ውስጥ አስገብቷል፤ ምክንያቱም ከኋላቸው ያለው የሃሊስኮ አዲሱ ትውልድ የሚባለው የዕፅ ቡድን ነው። ኤፍቢአይ እንዳስታወቀው ከ2019 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ወደ 6,000 የሚጠጉ አሜሪካ የሚኖሩ ተጎጂዎች ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በዚህ መንገድ እንዳጡ አመልክተዋል። አሠራራቸው እንዲህ ነው። የባለቤቶቹን ስምና የውል ዝርዝር በመዝናኛዎቹ ውስጥ ካሉ ተባባሪዎች ይገዛሉ። ከዚያ እንደ ደላላ፣ እንደ ጠበቃ፣ እንደ ኤስክሮ ኩባንያ ሆነው ይደውላሉ። ለታክስ፣ ለፈቃድ፣ ለምዝገባ እያሉ በባንክ ሐዋላ ወደ ሜክሲኮ ያስልካሉ። ጋሼን ያሳመናቸውም ይኸው ነበር፤ "የክፍሏን ቁጥር እንኳ ያውቃሉ እኮ!" አሉኝ። እኔም፣ "ጋሼ፣ ኢሕአፓ ጊዜ ስምዎን የሚያውቅ ሁሉ ወዳጅዎ ነበር እንዴ?" ብላቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ብዙም አልቆየም።

ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰጠኋቸው። "ክፍያህን ከሽያጩ ላይ ቀንሰህ ቀሪውን ላክልኝ በሏቸው። 38,000 ዶላር የሚከፍል ሰው ካለ ከውስጡ 3,600 ቀንሶ ለመውሰድ ምን ይከለክለዋል?" በማግስቱ አሏቸው። መጀመሪያ ሕጉ አይፈቅድም አሉ። ቀጥለው ክፍያውን ወደ 1,800 አወረዱላቸው። ከዚያም ገዢው ሐሳቡን ሊለውጥ ነው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ቀርቶዎታል አሉ። ሐቀኛ ደላላ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ አይደነግጥም፤ ራሱም የሚሠራው እንደዚያው ስለሆነ።

ድርድሩ የት ላይ ነው?

እኔ መጨረሻ ላይ የሸጥኩት በ2019 ነው። የዓመቱ ክፍያ ያኔ 1,140 ዶላር ደርሶ ነበር። ልጆቹ አድገው ሚኪ ማውስን ማየት አቁመዋል። በመጀመሪያ ለመዝናኛው ጽሕፈት ቤት ደወልኩ፤ ይህን ሁሉም ሰው ቢያደርገው ደግ ነው። ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ውሉን መልሳችሁ ትወስዳላችሁ ወይ? የዝውውር ክፍያችሁ ስንት ነው? ገዢ ሳመጣ በዚያው ዋጋ የመቅደም መብት አላችሁ ወይ? መልሱን በኢሜይል እንዲልኩልዎ ያድርጉ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ ዊንደም፣ ዕዳ ለሌለበት ባለቤት የመውጫ ፕሮግራም አላቸው፤ ገንዘብ ባይሰጡም ሸክሙን ይወስዳሉ። ብድሩ ያላለቀ ከሆነ ግን መሸጡም መመለሱም የማይታሰብ ነው። የእኔው አንወስድም አለ፤ የዝውውር ክፍያው 250 ዶላር እንደሆነ ግን ጻፈልኝ።

ቀጥሎ ፈቃድ ያለው ደላላ ፈለግሁ። ቅድሚያ የማይቀበሉ ደላሎች የተሰባሰቡበት ማኅበር አለ፤ ከዚያ ሁለት መርጬ ደወልኩ። ውል ላኩልኝ። ውሉ "25 በመቶ፣ ወይም ከ1,000 ዶላር የማያንስ" ይላል። ልብ በሉ፣ ብዙ ሰው መቶኛውን አይቶ ይደራደራል። ርካሽ ታይምሼር ላይ ግን የሚበላን ዝቅተኛው መጠን ነው። በ2,000 ዶላር ለሚሸጥ ቤት 25 በመቶው 500 ነበር፤ 1,000 የሚለው መስመር እጥፍ አደረገው። ስለዚህ ስለ በመቶው ዝም ብዬ ዝቅተኛውን ነካሁ። ሁለተኛው ደላላ በ800 እንደሚሠራ ለመጀመሪያው ነገርኩት፤ እውነትም ነበር። 700 ብሎ ተስማማ። አንድ ዓመት የነበረውን የብቸኛ አሻሻጭነት ጊዜም ወደ ስድስት ወር አሳጠርነው።

አንድ ሌላ ነገር አስጨመርኩ፤ ለእኛ ሰው በጣም የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል። ገዢውን እኔ ራሴ ካገኘሁት፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ወይም የዕቁብ ጓደኛ ከሆነ፣ ደላላው ኮሚሽን አይወስድም የሚል አንቀጽ። ደላላው ትንሽ አንገራገረ፣ ከዚያ ፈረመ። በእርግጥ ለዕቁብ ጓደኛዬ ይህን ሸክም ብሸጥ ኖሮ ዕቁቡም ይፈርስ ነበር፤ ቢሆንም አንቀጹ መኖሩ አይከፋም።

ገዢ በጥቅምት ወር ተገኘ፤ አንዲት የኦሃዮ መምህር። በ2,200 ዶላር ተስማማን። ከዚያ የማጠናቀቂያው ወጪ ክርክር መጣ። ሰነዱን የሚያዘጋጀውና ገንዘቡን በአደራ የሚይዘው ድርጅት 450 ዶላር ይጠይቃል። መዝናኛው ዕዳ እንደሌለብኝ ለሚያረጋግጥበት ደብዳቤ 100 ዶላር ይጠይቃል። የዝውውሩን 250 ቀደም ብዬ ጠቅሻለሁ። የፍሎሪዳ የሰነድ ቴምብር ደግሞ በየ100 ዶላሩ 70 ሳንቲም ነው፤ ለእኔ 15 ዶላር ከ40 ሳንቲም ሆነ። ደላላው የላከው ረቂቅ ሁሉንም በሻጩ ላይ ጥሎት ነበር። ማን ምን ይክፈል የሚለውን የሚወስን ድንጋጌ ፈልጌ አላገኘሁም፤ የተጻፈው በረቂቁ ላይ ነው፣ ረቂቅ ደግሞ ይታረማል።

ከሁሉ የከበደው ግን የዓመቱ ክፍያ ነው። የቀጣዩ ዓመት 1,140 ዶላር በጥር ይጠየቃል፤ ዝውውሩ ደግሞ እስከ ጥር ሊጓተት ይችላል። ቀኑ ሲደርስ በመዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ይከፍላል። እኔም፣ "የሚመጣውን ሳምንት የምትጠቀመው እሷ ናት፤ እኔ አስቀድሜ ብከፍል እንኳ በማጠናቀቂያው ዕለት ትተካልኝ" አልኩ። መምህሯ ፍትሐዊ ነው ብላ ተቀበለች፤ የ450ውንም ወጪ ወሰደች፤ የደብዳቤውን እኩል ተካፈልን። እኔ የዝውውሩንና ቴምብሩን ያዝኩ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ከ2,200 ላይ 700 የደላላ፣ 250 የዝውውር፣ 50 የደብዳቤ፣ 15.40 የቴምብር ሲቀነስ እጄ የገባው 1,184.60 ዶላር ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ እንደ 2006ቱ ሳላነብ ፈርሜ ቢሆን ኖሮ 1,000፣ 450፣ 250፣ 100 እና 15.40 ተቀንሶ 384.60 ይቀረኝ ነበር፤ ከዚያ ላይ 1,140ው ሲወጣ ቤቴን ሸጬ 755.40 ዶላር ከኪሴ አወጣ ነበር ማለት ነው። ልዩነቱ 1,940 ዶላር ነው። ለዚህ የፈጀብኝ አራት ኢሜይልና ሁለት ስልክ ነው። በነገራችን ላይ በ14,500 ገዝቼ በ2,200 መሸጤን እንደ ኪሳራ ታክስ ላይ ላስቀንሰው ብዬ ሒሳብ ሠራተኛዬን ጠይቄ ነበር። ለግል የተጠቀምክበት ስለሆነ አይቀነስም አለኝ፤ ቢያተርፍ ግን ታክስ ይከፈልበታል።

ገንዘቡን በአደራ የሚይዘውን ድርጅት ገዢው ወይም ደላላው ሲመርጥልዎ ፈቃዱን ራስዎ ያጣሩ። አጭበርባሪዎቹ የውሸት ኤስክሮ ኩባንያ ከነድረ ገጹ ያዘጋጃሉና፣ የሚሰጡዎትን ስልክ ሳይሆን ከግዛቱ መዝገብ ያገኙትን ስልክ ይደውሉ። ሽያጩ ካለቀ በኋላም ሰነዱ በካውንቲው መዝገብ መስፈሩን ይመልከቱ። ኦርላንዶ ያለበት የኦሬንጅ ካውንቲ መዝገብ በኢንተርኔት በነጻ ይታያል፤ የእኔ ስም ወጥቶ የእሷ እስኪገባ በየሳምንቱ እያየሁ ሰባት ሳምንት ጠበቅሁ።

"ከውል እናወጣዎታለን" ስለሚሉት ድርጅቶች አጭር ነገር ልበል። በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አስቀድመው ይወስዳሉ፤ ብዙ ጊዜ የዓመቱን ክፍያ መክፈል አቁሙ ይላሉ፤ ዕዳው ወደ ሰብሳቢ ሄዶ ክሬዲታችሁን ያበላሻል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንና የዊስኮንሲን ግዛት በ2022 በአንድ እንዲህ ያለ ቡድን ላይ ክስ ሲመሠርቱ ከደንበኞች የተሰበሰበው ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ብለዋል። ለልጆቻችን ዕዳ እናወርሳለን የሚለው ፍርሃትም የእነሱ መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ወራሽ ያልፈለገውን ውርስ በጊዜው በጽሑፍ አልቀበልም ማለት ይችላል፤ እስከዚያ ግን መጠቀም የለበትም።

የጋሼ 2,400 ዶላር አልተመለሰም። ባንኩ ሐዋላውን ለመመለስ ሞክሮ ገንዘቡ ወጥቷል አለ። ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል ማዕከል ቅጹን በስልክ እየተነጋገርን አብረን ሞላን። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ደወሉልኝ፤ ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር። አንድ ጠበቃ ነኝ ባይ ደውሎ፣ ገንዘባቸው ሜክሲኮ ውስጥ በፍርድ ቤት እንደተያዘ፣ 900 ዶላር የፋይል ማስከፈቻ ከላኩ እንደሚያስመልስላቸው ነግሯቸው ነበር።

"ታዲያ ምን አሉት ጋሼ?"

"ምን እለዋለሁ! ከሚመለሰው ላይ ቀንስና ቀሪውን ላክልኝ አልኩታ።"

"እሱስ ምን አለ?"

"ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋው።"